ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓ.ም. ብለን ካልጠቀስን በቀር ቀናቱና ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀዝቃዛው ጦርነት ምንድን ነው? ቀዝቃዛ የተባለውስ ለምንድን ነው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እስከ 1991 ድረስ አሜሪካ የምትመራው የካፒታሊስት ጎራና ሶቪየት ኅብረት የምትመራው የኮሚኒስት ጎራ የተፋጠጡበት ዘመን ነው። የተፎካከሩት በጦር መሣሪያ ክምችት፣ በስለላ፣ በእርዳታና በብድር፣ በሬዲዮ ፕሮፓጋንዳ፣ በጠፈር ምርምር፣ በኦሎምፒክ ሜዳ ጭምር ነው። ቀዝቃዛ የተባለው ሁለቱ ኃያላን ጦርነት አውጀው በቀጥታ ስላልተዋጉ ብቻ ነው።

ስሙ ግን ያሳስታል። ቅዝቃዜው የሚሠራው ለዋሽንግተንና ለሞስኮ፣ ቢበዛ ለአውሮፓ ነው። ኮሪያ፣ ቬትናም፣ አንጎላ፣ አፍጋኒስታን ወይም ኦጋዴን ውስጥ ለነበረ ሰው እሳት ነበር። በኮሪያና በቬትናም ብቻ ያለቀው ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። "በቀጥታ አልተዋጉም" የሚለውም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም፤ በኮሪያ ሰማይ የሶቪየት አብራሪዎች ሚግ-15 እያበረሩ ከአሜሪካውያን ጋር ተታኩሰዋል። አውሮፕላኖቹ የሌላ አገር ምልክት ተቀብተው ነበር፤ ዋሽንግተንም ብታውቅም ጦርነቱ እንዳይሰፋ ዝም አለች።

መቼ ተጀመረ? መቼስ አበቃ?

ለፈተና ከሆነ "ከ1947 እስከ 1991" ብሎ መጻፍ ይበቃል። 1947 የሚመረጠው ፕሬዚዳንት ትሩማን በማርች 12 ቀን ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር እንዲፈቀድ ምክር ቤቱን ጠይቀው ኮሚኒዝምን መግታት የአሜሪካ ፖሊሲ መሆኑን ስላወጁ ነው። ቅራኔው ግን ከዚያ በፊት በ1945 የያልታና የፖትስዳም ጉባኤዎች ላይ በፖላንድና በጀርመን ጉዳይ ይታይ ነበር፤ የቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልም አውሮፓ በ"የብረት መጋረጃ" ተከፈለች ያሉት በማርች 1946 ነው።

ፍጻሜውም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ የበርሊን ግንብ የተከፈተበትን ኖቬምበር 9 ቀን 1989ን፣ ሌላው የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ሥልጣን የለቀቁበትን ዲሴምበር 25 ቀን 1991ን ይይዛል።

የተጣሉት በርዕዮተ ዓለም ነው ወይስ በጥቅም?

በሁለቱም፤ ግን ርዕዮተ ዓለሙን ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰው ግማሹን ነገር ያጣዋል። ሶቪየት ኅብረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 27 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አጥታለች። የጀርመን ጦር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ በምዕራብ ድንበሯ ገብቶባታል። ስለዚህ ስታሊን ከጀርመን ወዲህ ያሉት አገሮች በእጃቸው ካልሆኑ እንቅልፍ አልነበራቸውም። አሜሪካ በበኩሏ የተራበ አውሮፓ ለኮሚኒስቶች ሲሳይ ይሆናል፣ ገበያም ይዘጋል ብላ ፈራች። ከ1948 ጀምሮ በማርሻል ዕቅድ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያፈሰሰችው ለዚህ ነው። ቼኮዝሎቫኪያ እርዳታውን ልትቀበል ተሰናድታ ሳለ ከሞስኮ በመጣ ትእዛዝ ተወችው።

ርዕዮተ ዓለም ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን የሚያሳይ ምሳሌ ከተፈለገ ካቢንዳን ማየት ይበቃል። በዚህች የአንጎላ ግዛት አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ነዳጅ ያወጣ ነበር፤ ኩባንያው ለማርክሲስቱ የአንጎላ መንግሥት ግብር ይከፍላል፤ መንግሥቱን የሚወጉትን አማፅያን አሜሪካ ታስታጥቃለች፤ የነዳጅ ጉድጓዶቹን ከአማፅያኑ የሚጠብቁት ደግሞ የኩባ ወታደሮች ናቸው።

ኔቶና የዋርሶ ስምምነት በምን ይለያሉ?

ሁለቱም የጦር ኅብረቶች ናቸው፤ ኔቶ የአሜሪካ ጎራ፣ የዋርሶ ስምምነት የሶቪየት ጎራ። ኔቶ በኤፕሪል 1949 በ12 አገሮች ተመሠረተ። የዋርሶ ስምምነት የተፈረመው ምዕራብ ጀርመን ኔቶን በተቀላቀለችበት በዚያው ወር፣ በሜይ 1955 ነው፤ አባላቱ ስምንት ነበሩ። በወረቀት ሁለቱም "አንዱ ከተነካ ሁሉም ተነካ" ይላሉ።

ልዩነቱ ከማኅበሩ ለመራቅ ሲሞከር ይታያል። ፈረንሳይ በ1966 ከኔቶ የጋራ ወታደራዊ ዕዝ ወጣች፤ የአሜሪካ ጦርም ከአገሯ ለቆ ሄደ። ሃንጋሪ በ1956 ከዋርሶ ስምምነት እወጣለሁ ስትል ታንክ ቡዳፔስት ገባ። በ1968ም የስምምነቱ ጦር የዘመተው በገዛ አባሉ በቼኮዝሎቫኪያ ላይ ነው። አልባኒያ ብቻ በዚያው ዓመት ሳትነካ ወጣች፤ ከሶቪየት ጋር የሚያዋስናት ድንበር አልነበራትም።

በርሊን በምሥራቅ ጀርመን መሃል ሆና ምዕራብ በርሊን እንዴት ተረፈች?

በአንድ ወረቀት ነው። በርሊን ከምዕራቡ ክልል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ በሶቪየት ይዞታ ውስጥ ነበረች፤ ከተማዋ ራሷ ግን ለአራቱ አሸናፊዎች (ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለፈረንሳይና ለሶቪየት) ተከፋፍላለች። የምዕራቡ አገሮች በጁን 1948 አዲሱን ማርክ ገንዘብ ሲያስገቡ ሶቪየቶች መንገዱን፣ ባቡሩንና የጀልባውን ቦይ ዘጉ። ይህን ለማድረግ የቻሉት በየብስ የመተላለፍ መብት በግልጽ ስላልተጻፈ ነው። የአየሩ ግን በኖቬምበር 1945 በጽሑፍ ጸድቆ ነበር፤ እያንዳንዳቸው 32 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት የበረራ መተላለፊያዎች። እነዚያን ለመዝጋት አውሮፕላን መጣል ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ጦርነት ነው። ስታሊን እዚያ ድረስ መሄድ አልፈለጉም።

ስለዚህ ምዕራቦቹ ከተማዋን በአውሮፕላን ለመቀለብ ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ የተያዘው የሂሳብ ሥራ ነው። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ በሕይወት ለማቆየት በትንሹ በቀን 4,500 ቶን ይፈለጋል ተባለ። መጀመሪያ የተሠማሩት ሲ-47 አውሮፕላኖች የሚጭኑት 3 ቶን ያህል ስለሆነ አልሆነም፤ 10 ቶን የሚጭኑት ሲ-54ዎች ከየዓለሙ ተሰበሰቡ። ኦገስት 13 ቀን 1948 በከባድ ደመና አውሮፕላኖች በበርሊን ሰማይ ተደራርበው ሲዞሩ ብዙ ሕይወት ሊጠፋ ሲል የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ተነር ደንቡን ለወጡ፦ አውሮፕላን በየሦስት ደቂቃው ይገባል፤ በመጀመሪያው ሙከራ ካላረፈ ድጋሚ ሳይዞር ጭነቱን እንደያዘ ወደመጣበት ይመለሳል። አብራሪዎች ሻይ ፍለጋ እንዳይበተኑም ምግቡ በመኪና አውሮፕላኑ ሥር ድረስ እንዲመጣላቸው ተደረገ። ድንቹ ክብደቱ እንዲቀንስ ደርቆ ይጫን ነበር። ከጭነቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ግን ምግብ ሳይሆን የድንጋይ ከሰል ነው፤ ብዙ አንባቢ የሚገምተው ዱቄትና ወተት ነው።

በኤፕሪል 16 ቀን 1949 በ24 ሰዓት ውስጥ 1,398 በረራ ተደርጎ ወደ 13,000 ቶን ገባ። ሶቪየቶች በሜይ 12 መንገዱን ከፈቱ። እስከ ሴፕቴምበር በጠቅላላው 2.3 ሚሊዮን ቶን ያህል ተጓጉዟል፤ በአደጋም 101 ሰው ሞቷል።

የበርሊን ግንብ የከበበው ምሥራቅ በርሊንን ነው ወይስ ምዕራብ በርሊንን?

ምዕራብ በርሊንን። ይህ ብዙ ሰው ይገለበጥበታል፤ ምክንያቱም የታሰረው የምሥራቁ ሕዝብ፣ የታጠረው ግን የምዕራቡ ከተማ ነው። ዙሪያው 155 ኪሎ ሜትር ነበር። በኦገስት 13 ቀን 1961 እሑድ ሌሊት የተዘረጋው እሾሃማ ሽቦ ነው፤ የኮንክሪቱ ግንብ በኋላ እየተገነባ መጣ፤ ውሎ አድሮም ሁለት ግድግዳ፣ በመሃሉ ደግሞ አሸዋ፣ መብራትና የጥበቃ ማማ ያለው ሰፊ ክልል ሆነ። ምክንያቱ ከ1949 ጀምሮ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ በተለይ ወጣቱና ባለሙያው፣ ከምሥራቅ ጀርመን መውጣቱ ነው። በግንቡ ቢያንስ 140 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

አከፋፈቱ በስህተት ነው ማለት ይቻላል። በኖቬምበር 9 ቀን 1989 ምሽት የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ ቃል አቀባዩ ሻቦቭስኪ አዲሱን የጉዞ ደንብ በደንብ ሳያነቡት ለጋዜጠኞች ነገሩ። "ከመቼ ጀምሮ?" ሲባሉ ወረቀታቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው "እስከማውቀው ድረስ፣ አሁኑኑ" አሉ። ሕዝቡ ወደ ኬላዎቹ ጎረፈ፤ ትእዛዝ ያልደረሳቸው ጠባቂዎችም እኩለ ሌሊት ሳይሞላ በሩን ከፈቱ።

ኑክሌር ቦምብ ለምን ያን ያህል ተከማቸ? አንድ ሰው ተነሥቶ ሊተኩሰው ይችል ነበር?

አሜሪካ በ1967 ከ31,000 በላይ የኑክሌር አረር ነበራት፤ ሶቪየት በ1986 ገደማ 40,000 ያህል ደርሳለች። ቁጥሩ እብደት ይመስላል፤ ግን ከበስተጀርባው ስሌት አለ። ጥያቄው "ጠላቴ ቀድሞ ቢመታኝ ከሚተርፈኝ መሣሪያ መልሼ ላጠፋው እችላለሁ ወይ?" የሚል ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ማንም አይጀምርም። ስለዚህ መሣሪያው በሦስት ቦታ ተበተነ፦ በምድር ጉድጓድ ባሉ ሚሳይሎች፣ በቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችና በባሕር ሰርጓጅ መርከቦች። ከምድር የሚተኮሰው አህጉር አቋርጦ ለመድረስ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ከባሕር ዳርቻ አጠገብ ካለ መርከብ የሚተኮሰው ከዚያ በጣም ያነሰ። ከ1970 ጀምሮ አንድ ሚሳይል ብዙ አረር መሸከሙ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፤ አንዱ የሶቪየት ከባድ ሚሳይል አሥር ይዞ አሥር የተለያዩ ዒላማዎችን ይመታ ነበር። ይህ ማለት ቀድሞ የተኮሰ ብዙ ያተርፋል፤ የዘገየ ይከስራል።

በ1972 የተፈረመውን የፀረ ሚሳይል ውል ተማሪዎች ሁልጊዜ "እንዴት መከላከያ ይከለከላል?" ብለው ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ከላይ ያለው ስሌት ነው። አንዱ አስተማማኝ ጋሻ ካገኘ መልሶ መመታትን ስለማይፈራ ለመጀመር ይደፍራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወገን የተፈቀደው ሁለት ቦታ ላይ መቶ መቶ መከላከያ ሚሳይል ብቻ ነበር፤ በ1974 ወደ አንድ ቦታ ተቀነሰ።

አንድ ሰው ብቻውን ሊተኩስ ይችል ነበር ወይ ለሚለው፣ በአሜሪካ የሚሳይል ጓዳዎች መልሱ አይችልም ነው። ትእዛዙ በምስጢር ቁጥር ይረጋገጣል፤ ሁለት መኮንኖች ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ያዞራሉ። የቁልፎቹ ማስገቢያ ሆን ተብሎ ስለተራራቀ አንድ ሰው በሁለት እጁ ሊደርስባቸው አይችልም። ትእዛዝ የሚሰጠው ግን አንድ ሰው፣ ፕሬዚዳንቱ ነው። ጥንቃቄው ሁሉ ያለው ታች ነው፤ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ የለም።

በኩባ ሚሳይል ቀውስ ማን አሸነፈ?

በዘመኑ ለሕዝብ የተነገረው የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ተሸንፈው ኩባ ያስገቧቸውን ሚሳይሎች እንዳወጡ ነው። እውነቱ ልውውጥ ነው። በኦክቶበር 14 ቀን 1962 አንድ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን በኩባ የሚሳይል ማስወንጨፊያ ሥራ ፎቶ አነሣ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ22 በቴሌቪዥን ቀርበው የባሕር ከበባ አወጁ፤ ቃሉን ግን "ማገጃ" አሉት፤ ከበባ በዓለም አቀፍ ሕግ የጦርነት ድርጊት ስለሆነ። በ28 ክሩሽቾቭ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሡ አሳወቁ። በአደባባይ ያገኙት አሜሪካ ኩባን እንደማትወር የተሰጠ ቃል ነው። በምስጢር ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ ለሶቪየቱ አምባሳደር ዶብሪኒን ቱርክ ውስጥ ያሉት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳይሎች በጥቂት ወራት እንደሚነሡ ነገሯቸው። ተነሡም። ይህ ለዓመታት ተደብቆ መቆየቱ ክሩሽቾቭን ጎዳ፤ በ1964 ከሥልጣን ሲወርዱ ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ኩባ ነው።

ከሁሉ አደገኛው ቀን ኦክቶበር 27 ነው። በዚያ ቀን በኩባ ላይ አንድ ዩ-2 ተመትቶ አብራሪው ሞተ። ሌላ ዩ-2 ከአላስካ ተነሥቶ መንገድ ስቶ ሶቪየት ግዛት ገባ። በዚያው ቀን የአሜሪካ መርከቦች አንድ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ወደ ላይ እንዲወጣ ለማስገደድ አነስተኛ የጥልቅ ባሕር ፈንጂ ይወረውሩ ነበር። መርከቡ የኑክሌር ቶርፔዶ መያዙን አያውቁም። ከሞስኮ ጋር ግንኙነቱ የተቋረጠው፣ በሙቀትና በአየር እጥረት የተዳከመው አዛዥ ጦርነቱ ተጀምሯል ብሎ ቶርፔዶው እንዲዘጋጅ እንዳዘዘና በመርከቡ ላይ የነበሩት ከፍተኛ መኮንን ቫሲሊ አርኪፖቭ እንዳረጋጉት በኋላ ተነግሯል።

ቀዩ ስልክ እውነት ነበር?

የዋሽንግተንና የሞስኮ መሪዎች በቀጥታ ይነጋገሩበታል የሚባለው ቀይ ስልክ፣ ስልክም አልነበረም፣ ቀይም አልነበረም። በኩባ ቀውስ ጊዜ አንድ የክሩሽቾቭ ረጅም ደብዳቤ ተተርጉሞና ተጣርቶ ለኬኔዲ ለመድረስ ግማሽ ቀን ገደማ ፈጅቷል። ከዚህ በኋላ በጁን 1963 የቀጥታ መስመር ስምምነት ተፈረመ፤ መስመሩም በኦገስት ሥራ ጀመረ። መሣሪያው ቴሌፕሪንተር የሚባል የጽሑፍ ማስተላለፊያ ነው። ሽቦው በለንደን፣ በኮፐንሃገን፣ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ ያልፋል። አሜሪካውያን በእንግሊዝኛ፣ ሩሲያውያን በሩሲያኛ ይጽፋሉ፤ ትርጉሙን ተቀባዩ ይሠራል።

ስልክ ያልሆነው ሆን ተብሎ ነው። በስልክ የተናገሩት በድምፅ ቃና ይተረጎማል፣ አስተርጓሚ ይሳሳታል፣ የተናደደ መሪም የማይመለስ ቃል ያመልጠዋል። የተጻፈ ግን ይነበባል፣ ለማሰብም ጊዜ ይሰጣል። መስመሩ እንዳይዝግ በየሰዓቱ የሙከራ ጽሑፍ ይላክበት ነበር። በቀውስ ጊዜ መጀመሪያ የሠራው በጁን 1967 በአረቦችና በእስራኤል ጦርነት ወቅት ነው።

ጦርነቱ በስህተት ሊጀመር የተቃረበበት ጊዜ ነበር?

ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ። በኖቬምበር 1979 በአሜሪካ የአየር መከላከያ ዕዝ ኮምፒውተሮች ላይ ከፍተኛ የሶቪየት ጥቃት ታየ፤ የልምምድ ፕሮግራም ከእውነተኛው ሥርዓት ጋር ተደባልቆ ነበር። በጁን 1980 እንደገና ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ሲመረመር የተበላሸው ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች የሆነ አንድ ቺፕ ነው።

በሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ሌሊት ደግሞ ከሞስኮ ወጣ ባለ የማስጠንቀቂያ ማዕከል ተረኛ የነበሩት ሌተናል ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ አምስት የአሜሪካ ሚሳይል መጣ የሚል ምልክት አዩ። ሳተላይቱን ያሳሳተው ከከፍተኛ ደመና ላይ ያንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። ፔትሮቭ "የሐሰት ነው" ብለው ሪፖርት ያደረጉት አሜሪካ ጦርነት ብትጀምር በአምስት ሚሳይል አትጀምርም ብለው ነው፤ የምድር ራዳርም አላረጋገጠም። ወቅቱን አስቡት፤ ሶቪየቶች የኮሪያን መንገደኞች አውሮፕላን መትተው 269 ሰው ካለቀ አንድ ወር አልሞላውም።

ቻይና ከማን ወገን ነበረች?

እንደዓመቱ ይለያያል። ከ1949 አብዮት በኋላ ከሞስኮ ጋር፤ ከ1960 በኋላ፣ ሶቪየት ባለሙያዎቿን ጠርታ ስታስወጣ፣ ከማንም ጋር አልነበረችም፤ በማርች 1969 በኡሱሪ ወንዝ ባለች ደሴት ሁለቱ ኮሚኒስቶች ተታኮሱ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌብሯሪ 1972 ቤይጂንግ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ጭምር፣ ለምሳሌ በአንጎላ፣ ቻይናና አሜሪካ የሶቪየትን ተቃዋሚዎች አብረው ሲደግፉ ይታያሉ።

ገለልተኛ የተባሉት አገሮች እውነት ገለልተኛ ነበሩ? ኢትዮጵያስ?

ገለልተኛነት ከሁለቱም መራቅ ሳይሆን ከሁለቱም መቀበል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ በ1955 የባንዱንግ ጉባኤ ተሳትፋለች፤ በ1961 የቤልግሬዱ መሥራች ጉባኤም ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። በጦር መሣሪያ ግን አገሪቱ በአብዛኛው የአሜሪካ ደንበኛ ነበረች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ።

ባላዎቹ ዛሬም ይታያሉ። የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ በአሜሪካ እርዳታ ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቋቋመ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሲመሠረት የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ነው ያገዘው። በሌላ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው ብድር አገኙ፤ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያና የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ድጋፍ ተሠሩ። የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታልም የሶቪየት ቀይ መስቀል ነበር።

ቃኘው ሻለቃና ቃኘው ጣቢያ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግን ይገናኛሉ። ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተዋጋው የክብር ዘበኛ ጦር ነው፤ ከ120 በላይ ጀግኖች ወድቀዋል፤ አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም። ቃኘው ጣቢያ ደግሞ በአስመራ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛና የሬዲዮ ጠለፋ ሰፈር ነው። በ1953 በተፈረመ የ25 ዓመት ውል የተያዘ ሲሆን ስሙን ከሻለቃው ወሰደ። አስመራ የተመረጠችው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትልና ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የሬዲዮ ሞገድ በጥራት ስለሚገኝባት ነው።

ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጎራ የተለዋወጡት እንዴት ነው?

የቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ ይህን የመሰለ ግልብጥብጥ ብዙ የለውም። እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ጦር የአሜሪካ፣ የሶማሊያ ጦር የሶቪየት ነበር፤ ሶቪየቶች በበርበራ የባሕር ኃይል ሰፈር ነበራቸው። አብዮቱ ሲመጣ አሜሪካ ወዲያው አልሄደችም፤ ኤፍ-5ኢ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ያስረከበችው ከንጉሡ መውረድ በኋላ ነው። በፌብሯሪ 1977 የካርተር አስተዳደር በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታ ቀነሰ፤ ደርግ በኤፕሪል ቃኘው ጣቢያንና የአሜሪካን ወታደራዊ ሚሲዮን ዘጋ። ሳተላይት ስለመጣ ጣቢያው ለአሜሪካም የድሮውን ያህል አያስፈልግም ነበር፤ ይህ ለመለያየቱ ቀላልነት የራሱ ድርሻ አለው። የኩባው መሪ ካስትሮ በማርች 1977 ኤደን ላይ የደርጉን መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና የሶማሊያውን መሪ ሲያድ ባሬን አገናኝተው በፌዴሬሽን ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ አልሆነም።

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በሙሉ ኃይሉ ኦጋዴን ገባ። በዚያን ጊዜ ትልቁ ችግር መለዋወጫ ነው። ኢትዮጵያ የምትዋጋበት ታንክና አውሮፕላን አሜሪካ ሠራሽ፣ አዲሱ ወዳጅ ሶቪየት። የጥይቱ መጠን፣ የሬዲዮው ሞገድ፣ የጥገና መጽሐፉ ቋንቋ ሁሉም ይለያል። ጦርነት መሃል ጦርን ከኤም-1 ወደ ክላሽ፣ ከአሜሪካ ታንክ ወደ ቲ-55 ማሸጋገር ሌላ ጦርነት ነው። እንዲያም ሆኖ የአየሩን የበላይነት የያዙት በኤፍ-5 የሚዋጉ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው፤ የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ጠረጉ። እስራኤል በስውር ትረዳ እንደነበር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን በፌብሯሪ 1978 አፋቸው አምልጦ ተናገሩ። ስለዚህ ሶቪየት፣ ኩባ፣ ደቡብ የመንና እስራኤል በአንድ ወገን ተሰለፉ ማለት ነው።

ሲያድ ባሬ በኖቬምበር 1977 የሶቪየት አማካሪዎችን አባረሩ፤ የድሮ ሚጎቻቸውም መለዋወጫ አጡ። በዚያው ወር መጨረሻ የሶቪየት የአየር ድልድይ ወደ ኢትዮጵያ ተከፈተ፤ መሣሪያው አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል፤ 15,000 ያህል የኩባ ወታደሮችም መጡ። በካራማራ ተራራ ላይ በግንባር ብቻ መግጠም ስለሚያስፈጅ የጦሩ ክፍል ዞሮ፣ ከፊሉም በሄሊኮፕተር ተጭኖ ከጠላት ጀርባ ወረደ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች። ሶማሊያ በ1980 በርበራን ለአሜሪካ ከፈተች። የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ዕዳ ግን ለሞስኮ እየተመዘገበ ቀጠለ።

ሶቪየት ኅብረትን ያፈረሳት ሬገን ነው?

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ጫና ድርሻ ነበረው፤ ብቻውን ግን አያፈርስም። ሶቪየት የውጭ ምንዛሪዋን የምታገኘው በአብዛኛው ከነዳጅ ነው፤ በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። በዚያው ዓመት የቸርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፈነዳ። የአፍጋኒስታን ጦርነት 15,000 ገደማ ወታደር አስከፈለ። ስንዴ እንኳ ከዋና ባላንጣዋ ከአሜሪካ ትገዛ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ቀስ ብሎ የሚያደክም በሽታ ነው። ሞቱን ያፋጠነው ጎርባቾቭ ኃይል ላለመጠቀም መወሰናቸው ነው። ጁን 4 ቀን 1989ን ተመልከቱ፦ በፖላንድ በከፊል ነፃ በሆነ ምርጫ ኮሚኒስቶች ተዘረሩ፤ በዚያው ቀን ቤይጂንግ ላይ ታንክ ሰልፈኞችን ደመሰሰ። የቻይናው ፓርቲ ዛሬም ሥልጣን ላይ ነው። በመጨረሻ ኅብረቱን የበተኑት ከውጭ የመጡ አይደሉም። ከኦገስት 1991 የከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ዩክሬን በዲሴምበር 1 ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ነፃነትን መረጠች፤ በ8 የሩሲያ፣ የዩክሬንና የቤላሩስ መሪዎች ጫካ ውስጥ ባለ ማረፊያ ተገናኝተው "ሶቪየት ኅብረት የለም" ብለው ፈረሙ። ሞስኮ የመሣሪያ አቅርቦቷን ያቋረጠችበት ደርግ ከዚያ በፊት፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወድቋል።

ኔቶ ወደ ምሥራቅ እንዳይስፋፋ ቃል ተገብቶ ነበር?

በአፍ፣ አዎ፤ በጽሑፍ፣ አልተገባም። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር በፌብሯሪ 9 ቀን 1990 ሞስኮ ላይ የኔቶ ሥልጣን "አንድ ኢንች" ወደ ምሥራቅ እንደማይሄድ ለጎርባቾቭ ተናግረዋል። ንግግሩ ስለ ጀርመን ውሕደት ነበር፤ የዋርሶ ስምምነትም ገና አልፈረሰም። በሴፕቴምበር 12 የተፈረመው ውል የሚለው የውጭ ወታደርና የኑክሌር መሣሪያ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን መሬት እንዳይሰፍር ነው፤ ኔቶ ወደ ፖላንድም ሆነ ወደ ሌላ አገር ስለመስፋፋቱ አንድ ቃል የለውም። ጎርባቾቭ በጽሑፍ አልጠየቁም፤ የበርሊንን የአየር መተላለፊያ ታሪክ ለሚያውቅ ይህ ከባድ ስህተት ነው። ፖላንድ፣ ሃንጋሪና ቼክ በ1999 ኔቶን ተቀላቀሉ።

የአሁኑ ፉክክር ሁለተኛ ቀዝቃዛ ጦርነት ነው?

አሜሪካና ቻይናን ለሚያስብ ሰው ንጽጽሩ ይደክማል። ሶቪየትና አሜሪካ እርስ በርስ ከእህል በስተቀር የረባ ንግድ አልነበራቸውም፤ የአሁኖቹ ግን በየዓመቱ በመቶ ቢሊዮኖች ዶላር ይገበያያሉ። ሩሲያና አሜሪካን በተመለከተ ግን ከዱሮው የሚብስበት አንድ ጎን አለ፤ እሱም ውሎቹ ናቸው። በ1987 የተፈረመው የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ውል 2,692 ሚሳይል አስወድሞ በ2019 ፈረሰ። የፀረ ሚሳይሉን ውል አሜሪካ በ2002 ትታዋለች።

የቀረው፣ ኒው ስታርት የተባለው የኑክሌር መሣሪያ ውል፣ እያንዳንዱን ወገን በ1,550 የተጠመደ አረር የሚወስን፣ ዘመኑም በፌብሯሪ 2026 የሚያበቃ ነበር። ዋናው ጥቅሙ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ በዓመት እስከ 18 ጊዜ የአንዱ ተቆጣጣሪ የሌላውን ሰፈር ሄዶ አረሩን በዓይኑ ይቆጥር ነበር። ያ ጉብኝት በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ቆመ፤ ሩሲያ በ2023 ውሉን አገደች፤ ጉብኝቱም አልተመለሰም።